አምስተኛው አገር

ከሌሊቱ ስምንት፣ ብሬመን ወደብ ላይ፣
ጠርሙሱ ተሰልፎ ከመብራት ሥር ሲታይ፣
ማር አይመስልም ከቶ፤ ይመስላል ያደረ ሻይ።

እኔ መለያ ለጣፊ ነኝ። ዳኑታ ክዳን ታጠብቃለች፤
በጆሮዋ ስልክ ሰክታ ፖዝናን ያሉ እናቷን ታጫውታለች።

እስከ ባለፈው ወር የለጠፍነው ቃል አንድ ነበረ፦
«ከኅብረቱ አገሮችና ከኅብረቱ ውጭ የተቀመረ»።
ውጭ! እንዴት ሰፊ ነው ውጭ የሚሉት ቤት፣
ስንት ወንዝ፣ ስንት ደን፣ ስንት ዓይነት ንብ፣ ስንት ዓይነት ሌሊት፣
ሁሉም ባንድ ቃል ተጋድሞ፣ በር የለው መስኮት።

ሰኞ አዲስ ሕግ መጣ። ፍራው ሉርስ አነበበችው፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ወረቀቱን ከዓይኗ አርቃ ያዘችው፦
«እንግዲህ እያንዳንዱ አገር በስሙ ይጠራ፣
ከብዙ ወደ ጥቂት፣ በመቶኛው ተራ፤
የፊደሉም ቁመት፣ በምንም ቢቀነስ፣
ከአንድ ሚሊሜትር ከሁለት ዐሥረኛ እንዳያንስ።»

በዓይኔ ለካሁት። ጤፍ ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ናት።
አገር በጤፍ ልክ! ብዬ ሳቅሁ።
ዳኑታ ምን አሳቀሽ አለችኝ፤ ጤፍን በምን ቋንቋ ልንገራት?

አርባ ሺህ አሮጌ መለያ በከረጢት ታስሮ ተጣለ፤
አዲሱ ጥቅል ሲመጣ፣ ሽታው ቀለም ቀለም እያለ፣
እንደ ፈተና ውጤት በጣቴ ፈለግሁ፣ ከላይ ወደ ታች፦
ዩክሬን አለች። ቻይና አለች። አርጀንቲና አለች።
ሃንጋሪም አለች። ከሃንጋሪ በታች፣
«በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የምትል መስመር ብቻ ነበረች።

በርሜሎቹን እኮ እኔው ነኝ የከፈትኋቸው፤
ሰማያዊ ናቸው፣ «ማሻ» የሚል በጠመኔ ተጽፎባቸው፤
ክንፏ የተቀደደ አንዲት ንብ፣ ጉምሩክ ያላያት፣
ሰሙ ውስጥ ተኝታ አግኝቼ በማንኪያ ጫፍ አወጣኋት።

ፍራው ሉርስን ጠየቅኋት። ክፉ ሴት አይደለችም።
«አራት ስም ይበቃል ይላል አንቀጹ፤ አምስተኛው ግዴታ አይደለም፤
ድርሻውም ስድስት በመቶ ነው» አለች፤ «ደግሞም ቦታ የለም።»

ጤፍ ለሚያህል ፊደል ቦታ ጠፋለት!
በነሱ አጻጻፍ ዘጠኝ ነው፤ በኛ አምስት።

ረቡዕ ናሙና ይዤ ወደ ላቦራቶሪው ወጣሁ።
ዮአኪም ከአጉሊ መነጽሩ ሳይነቀል «ነይ እዪ» አለኝ፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ፦
የአበባ ብናኝ፤ ክብ፣ እሾሃም፣ ቢጫ፣
ከጤፍ በብዙ እጅ ያነሰ፣ አንቀጽ የማይደርስበት መቀመጫ።
«ይሄኛውን መጽሐፋችን አያውቀውም» አለ፣ «ስም የለው ይሆን?»
«አለው እንጂ፤ ግራዋ ነው፤
ቅጠሉ ጋን የሚታጠብበት፣ ከአጥር የሚበቅለው፣
ንብ ካልሆነች በቀር ማንም ጣፈጠኝ የማይለው።»
ብዕሩን አንሥቶ በነሱ ፊደል «ጊራቫ» ብሎ ጻፈ፤
ላርመው አሰብሁ፤ ተውሁት። ቢያንስ ይህኛው አልታለፈ።

ዓርብ ወደ ቤት ስንሄድ አንዳንድ ጠርሙስ አደሉን።
ዝናብ ነበር። ትራም ፌርማታው ላይ፣ መጠለያው ሳይበቃን፣
ዳኑታ ክዳኑን ከፍታ በጣቷ ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች።
«ጥሩ ነው፤ ይጣፍጣል፤ ግን መጨረሻው ላይ…» ብላ ቆም አለች፣
«አንድ የሚመር ነገር አለው። የማን ይሆን? የሃንጋሪ?»
መለያውን ወደ መብራቱ አዙራ አራቱን ስም ታነባለች።

ነገሩን ለማስረዳት አፌን ከፈትሁ፤ የት እንደምጀምር ግን አላውቅም።
ትራሙ መጣ። ተሳፈርን። እስከ ሦስተኛው ፌርማታ ድረስ
ከምላሷ ላይ አልጠፋም።